ጥንቸሏ መብላት ካቆመች «ነገ እናያለን» አይሠራም

ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ጥንቸል ማርባት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ሐኪም አይደለሁም። ግን የሠፈሩ ልጅ ሁሉ ጥንቸሉን በካርቶን ይዞ መጀመሪያ የሚመጣው እኔ ጋ ነው። ውኃ አላት ወይ፣ ቤቷ ደረቅ ነው ወይ የሚለውን አልደግምም። እሱን አይታችኋል ብዬ ነው።

አትበላም፣ በጠጧም ጠፍቷል

አብዛኛው ጣጣ ይሄ ነው። ጥግ ይዛ ኩርምት ትላለች። ካሮት አፍንጫዋ ሥር ብታስጠጉላት ፊቷን ታዞራለች። ጥርሷን ስታፋጭ ከሰማችሁ ሆዷን አሟታል። በጠጧን እዩ። የጤነኛ ጥንቸል በጠጥ ሽምብራ ያክላል፣ ሲፈረፍሩት ውስጡ ሳር ነው። አንጀቷ ሲደክም የድንብላል ፍሬ ያክላል፣ ከዚያ ጭራሽ ይጠፋል።

ምክንያቱ የአንጀት መቆም ነው። የጥንቸልን አንጀት የሚያንቀሳቅሰው የሳር አሰር ነው። ሳር ሲጎድል ይዘገያል፣ በጋዝ ይሞላል፣ ያማታል። ስላመማት አትበላም፤ ስላልበላች ይብስ ይቆማል። እኛ ሠፈር ጥፋተኞቹ ይታወቃሉ፦ ፉርሽካ፣ ትራፊ እንጀራ፣ ጥቅል ጎመን። ከምትበላው ከ80 በመቶ በላይ ሳር መሆን አለበት።

አንዷን ጎረቤቴን «ድርቆሽ ብቻ ስጫት» አልኳት። በሳምንቱ ሆዷ የተነፋ ጥንቸል ይዛ መጣች። «ያልከኝን ነው የሰጠኋት!» ትላለች። ለካ ከእንጀራ የሚሠራውን ድርቆሽ ስታበላት ከርማለች። ጥፋቱ የኔ ነው። ከዚያ ወዲህ «የደረቀ ሳር» ነው የምለው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሳር ሲታጨድ አንድ ሸክም ገዝታችሁ አስቀምጡ። የሻገተ እንዳትገዙ።

መፍትሄው፦ 12 ሰዓት ያህል ካልበላች ወይም በጠጥ ካልጣለች፣ ያኑ ቀን ሐኪም ጋ። «ሆዷ ይረፍ» የሚባል ነገር የለም። ሐኪም እስክታገኙ ሳር ፈጭታችሁ፣ በውኃ አቅጥናችሁ፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በጉንጯ በኩል ጥቂት ጥቂት ስጧት። ሆዷ እንደ ከበሮ ከተወጠረ ግን ምንም አትስጧት፤ አንጀቷ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ጆሮዋ ከቀዘቀዘ ሙቅ ውኃ ያለበት ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልላችሁ ጎኗ አድርጉ።

ባጃጅ ላይ አቅፋችኋት አትሂዱ። ደንግጣ በኋላ እግሯ ከተራገጠች ወገቧ ሊሰበር ይችላል። ካርቶን ብሱና ሳር አንጥፉበት። በጆሮዋ የሚያነሳትን ሰው ደግሞ እኔ ፊት አታምጡት።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ስላለው ዕድለኞች ነን። ግን የብዙ ሐኪም እጅ የለመደው በሬና በግ ነው፤ አይፈረድበትም። ክብደቷን መዝናችሁ ሂዱ። መቼ መብላት እንዳቆመች ንገሩት። በጠጧንም በፌስታል ያዙ። አንድ ጊዜ ወረፋ ላይ በግ የያዙ አባት «ሥጋዋ ለማይበላ እንስሳ ነው እንዲህ የምትለፋው?» ብለው ሳቁብኝ። ተራቸውን ግን ለቀቁልኝ።

መድኃኒት ሲታዘዝ «አሞክሲሲሊን ወይም አምፒሲሊን ነው? በአፍ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በአፍ ከሆነ እምቢ በሉ፣ ሌላ ይቀየርላት። አንጀቷ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይፈጃል፣ ተቅማጡ ይገድላታል። አንድ ልጅ ጥንቸሉ ስታስነጥስ አይቶ የሰው አሞክሲሲሊን ካፕሱል ከፍቶ በውኃ አጠጣት። በአራተኛው ቀን አብረን ቀበርናት። እሱ እስካሁን ጉንፋን የገደላት ይመስለዋል።

ትፈልጋለች፣ ታሸታለች፣ ትተዋለች

አገጯም በለሃጭ ርሷል። ጥርሷ አድጓል። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜ ልኩን ያድጋል፤ ሳር ካላኘከች ተፍቆ አያጥርም። የጥፍር መቁረጫ አታንሱ፣ ጥርሱ እስከ ሥሩ ይሰነጠቃል። ሐኪም ይሞርደው።

ራሷን ትነቀንቃለች

ጆሮዋ ውስጥ ቡኒ ቅርፊት ካለ የጆሮ እከክ ነው። ቅርፊቱን አትላጡ፣ በጣም ያማታል። ሐኪሙ አይቨርሜክቲን በክብደቷ ልክ ይወጋታል፣ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ይደግመዋል፣ ቅርፊቱ ራሱ ይረግፋል። የውሻ ቁንጫ ማጥፊያ፣ በተለይ ፊፕሮኒል ያለበት፣ ለጥንቸል መርዝ ነው። መርዝ!

ቀሪዎቹ

ሽንቷ ቀላ፦ ብዙ ጊዜ የበላችው ቅጠል ቀለም ነው። የረጋ ደም ካያችሁ ሐኪም።

መጋቢትና ሚያዝያ ላይ አለከለከች፦ ጥላ ውስጥ አስገቧት፣ ጆሮዋን በረጠበ ጨርቅ አርሱ፣ ከዚያ ሐኪም። ባልዲ ውስጥ አትንከሯት።

አንገቷ ዘመመ፦ ዛሬውኑ ሐኪም።

ለስላሳ በጠጥ ከቂጧ ወስዳ በላች፦ ጤና ናት፣ ተዉአት። ለዚህ ብላችሁ ሌሊት አትደውሉልኝ።