ለሽማግሌ መልስ ከመስጠትዎ በፊት

በትዳር ውስጥ ቅሬታ ሲበረታ፣ በደሴም ሆነ በሐይቅ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ቀድመው የሚመጡት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ምክራቸውም ብዙ ጊዜ «ቻል አድርጊው»፣ «ለልጆቹ ስትል ተወው» የሚል ስለሆነ፣ ተበዳዩ በይሉኝታ ተይዞ ልቡ ያልተቀበለውን እርቅ በአፉ እሺ ብሎ ይነሳል። ስለዚህ ለሽምግልናው ከመቀመጥዎ አስቀድሞ፣ ቡናው በረካው ደርሶ ጎረቤት ከተበተነ በኋላ ብቻዎን ሆነው፣ ልታገሠው የምችለው የትኛው ነው፣ ብታገሠው ራሴን የማጣበትስ የትኛው ነው የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች በወረቀት ላይ ይመልሱ። ሁለተኛው መልስ አጭር ቢሆን ይሻላል፤ ገጽ ሙሉ ከሆነ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ውሳኔዎን አስቀድመው ወስነዋል። በሽማግሌ ፊት «የሳምንት ጊዜ ስጡኝ» ማለትም ነውር አይደለም። ድብደባ ካለ ግን በቅድሚያ ወደ ጤና ተቋምና ወደ ፖሊስ ይሂዱ።

መለያየቱ ካልቀረ፣ ከጋብቻ በፊት የነበረዎት ወይም በውርስ ያገኙት ንብረት በሕግ የግል ንብረትዎ ስለሆነ ማስረጃውን በእጅዎ ያድርጉ። ኀዘኑን በተመለከተ፣ ባቲና አምባሰል ስማቸው የቅኝት መጠሪያ የሆነ የወሎ አገሮች ናቸውና ማንጎራጎር የሚያሳፍር አይምሰልዎ፤ ብቻ በእኩለ ሌሊት ናፍቆት ሲያይል፣ ያላጠፉትን «ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚል መልእክት ቢጽፉ እንኳ እስኪነጋ ድረስ አይላኩት።