ባሌ ላይ ትልቁን ፍልፈል ለማየት

ባሌ የሚሄድ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ቀይ ቀበሮ ነው። ፍልፈሉን የሚጠይቅ የለም። እኔ ግን ቀበሮን በደንብ ማየት የፈለገ መጀመሪያ ፍልፈሉን ይፈልግ እላለሁ፤ ሳነቴ በሚባለው የባሌ ከፍተኛ ሜዳ ላይ የቀበሮ ዋና ቀለቧ እሱ ነዋ።

ገበሬው ድንቼን በላብኝ፣ እንሰቴን ጨረሰብኝ የሚለውን ትንሹን ፍልፈል ማለቴ አይደለም። ይሄኛው ትልቁ ነው። እስከ አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከባሌ ተራሮች በስተቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም፤ እዚያም ቢሆን የሚኖረው ከ3000 ሜትር በላይ ባለው ውርጫማ ሜዳ ላይ ብቻ ነው።

መንገዱ ቀላል ነው። መጀመሪያ ዲንሾ በሚገኘው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት መግቢያችሁን ክፈሉ፣ አስጎብኚ ያዙ። ከዚያ በሮቤ አድርጋችሁ ጎባ ትደርሳላችሁ። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ ሳነቴን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ከፍታው 4000 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ትንፋሽ ያጥራል፤ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ፣ ውሃ ጠጡ። ካፖርት ወይም ጋቢ ያዙ። ኮፍያም አትርሱ፣ ብርዱ እያንቀጠቀጣችሁ ፀሐዩ ፊታችሁን ይልጠዋል።

በሌሊት መነሳት አያስፈልግም። ፍልፈሉ ብርድ አይወድም፤ መሬቱ ሞቅ እስኪል ከጉድጓዱ ብቅ አይልም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ፀሐይ ያለበትን ቀን ምረጡ። በቀን ውስጥ ላይ ላዩን የሚታየው ተደምሮ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው፤ ሌላውን ጊዜ መሬት ውስጥ ያሳልፋል።

አሁን ዋናው ነገር፣ የቱን ጉድጓድ እንደምትጠብቁ ማወቅ ነው። ሜዳው በአፈር ቁልልና በጉድጓድ የተሞላ ስለሆነ መጀመሪያ ግራ ያጋባል። አፈሩ ደርቆ ሣር የበቀለበትን ተዉት። ጠቆር ያለ፣ ገና እርጥብ አፈር የተገፋበትን፣ ዙሪያውን ያለው ሣር ደግሞ እንደተላጨ ራስ የሆነበትን ፈልጉ። በዚያ ላይ አጠገቡ ቡናማ ትንሽ ወፍ ከቆመች በቃ፣ እዚያው ተቀመጡ። ወፏ ፍልፈሉ ከሚገለብጠው አፈር ትላትል ትለቅማለች፤ አደጋ ስታይ ደግሞ ትጮሃለች፣ እሱም ወዲያው ይገባል። ስለዚህ ወፏን ካስደነገጣችሁ ፍልፈሉን አጣችሁት ማለት ነው።

ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ በሉ። እግራችሁን አታንኳኩ፤ ከድምፃችሁ በፊት የመሬቱ ንዝረት ይደርሰዋል። መጀመሪያ አፈሩ ከውስጥ ሲገፋ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ጭንቅላቱ ይወጣል፣ ትልቅ፣ ጠፍጣፋ፣ ብርቱካናማ ጥርሱ የፈጠጠ። ዓይኖቹን ልብ ብላችሁ እዩልኝ፤ ትንንሽ ናቸው፣ ግን ጭንቅላቱ አናት ላይ ነው የተቀመጡት፣ ሙሉ ሰውነቱን ሳያወጣ ሰማዩንና ዙሪያውን እንዲቃኝ። አፉ በሚደርስበት ያለውን ሣር ይነጫል፣ አፉን ይሞላል፣ ከዚያ የኋልዮሽ ተንሸራትቶ ይገባል። ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል። እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይሄ ነው፣ ቤቱን ለቅቆ ሳይወጣ መብላቱ! አቅራቢያው ያለው ሣር ሲያልቅ ሌላ ቀዳዳ ይቆፍራል እንጂ ርቆ አይሄድም።

ጉድጓዱን ከውስጥ በአፈር ከደፈነው ግን ጨርሷል፣ ሌላ ፈልጉ። እባካችሁ በእንጨት አትጎርጉሩት፣ አስጎብኚውንም አውጣልን አትበሉት። እንስሳው የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው አንዱ ነው። መኪናም ከመንገድ አታስወጡ፤ ጎማው የሚያልፈው ፍልፈሉ መሬት ውስጥ በቆፈረው መተላለፊያ ጣሪያ ላይ ነው። ውሻ ይዞ መምጣት ደግሞ ፈጽሞ የማይታሰብ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ላይ ስንት ቀበሮ ጨርሷል። በዓለም ላይ የቀሩት ለመራባት የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም።

ዕድለኛ ከሆናችሁ እንደተቀመጣችሁ ቀበሮዋ ትመጣለች። ሆዷን መሬት አስጠግታ፣ ጆሮዋን ወደ ፊት አቁማ፣ ጥቂት እርምጃ ሄዳ ቀጥ ትላለች። ጉድጓዱ አፍ ላይ ብዙ ልትጠብቅ ትችላለች። ከሳተችው አንዳንዴ መቆፈር ትጀምራለች፣ አፈሩ በኋላ እግሮቿ መሃል ይበተናል። ያኔ ካሜራ ፍለጋ አትነሱ፣ የመኪናም በር አትዝጉ።