በክሪፕቶ ጉዳይ የኮንግረስ ተወካያችሁን እንዴት ትጠይቃላችሁ?

አሜሪካ እየኖራችሁ ክሪፕቶ (እንደ ቢትኮይን ያለ ዲጂታል ገንዘብ) ከያዛችሁ፣ ስለ ዋሌታችሁ፣ ማለትም ክሪፕቶውን ስለምትይዙበት መተግበሪያ ወይም መሣሪያ፣ ህግ የሚያወጡት ሰዎች ስማቸውም ድምፃቸውም በይፋ ተመዝግቧል። ድምፅ የመስጠት መብት ካላችሁ ደግሞ ሥራቸው በእጃችሁ ነው።

መጀመሪያ ጉዳያችሁን አጥብቡ። «ክሪፕቶን ይደግፉ» ከተባለ ማንም ፖለቲከኛ «እሺ» ብሎ ያልፋል። «የዋሌቴን ቁልፍ ራሴ የመያዝ መብቴን የሚነካ ህግ ይቃወማሉ ወይ?» ስትሉት ግን አዎ ወይም አይ ማለት አለበት። ቁልፍ ማለት ክሪፕቶውን ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገው የሚስጥር ኮድ ነው።

ከዚያ የተወካዮች ምክር ቤት ድረ ገጽ ላይ ዚፕ ኮዳችሁን አስገቡና ተወካያችሁን ለዩ። ሁለቱን ሴናተሮቻችሁንም ያዙ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የድምፅ መዝገቡን ሲያነብ ነው። ስለ ስቴብልኮይን (ዋጋው እንደ ዶላር ካለ ገንዘብ ጋር የታሰረ ክሪፕቶ) የወጣውን ጂኒየስ አክት የተባለ ህግ እንይ። ሜይ 8 ቀን 2025 ሴኔቱ ረቂቁን ወደ ክርክር ለማስገባት ድምፅ ሰጠ፤ 48 ለ 49 ወደቀ። «አይ» ካሉት መካከል የአብላጫው መሪ ጆን ቱን አሉበት። ዝርዝሩን ብቻ ያየ ሰው «ህጉን ተቃወሙ» ብሎ ይደመድማል። እሳቸው ግን ደጋፊ ነበሩ። በሴኔቱ ደንብ የወደቀ ጉዳይ እንደገና ይታይ ብሎ መጠየቅ የሚችለው ከአሸናፊው ወገን ጋር ድምፅ የሰጠ ወይም ጭራሽ ድምፅ ያልሰጠ ሴናተር ነው። ለዚህ ሲሉ ነው ወደ «አይ» የዞሩት።

ቀጥሎ ድርድር ተደረገ፣ ረቂቁም ተነካካ። ሜይ 19 ላይ ያው ጥያቄ 66 ለ 32 አለፈ። ሴኔቱ ህጉን ራሱን ያጸደቀው ጁን 17 ነው፣ 68 ለ 30። ስለዚህ ከስሞቹ በፊት የገጹን አናት አንብቡ፤ ድምፁ የተሰጠው ክርክር ለመክፈት ነው? ለማሻሻያ? ወይስ ለመጨረሻው ማጽደቅ? ሁለቱ የሜይ ድምፆች ላይ አቋሙን የቀየረ ሴናተር ካላችሁ፣ በመሃል ምን እንዳስለወጠ ጠይቁት። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይሄ ነው።

ለፖለቲከኞች ውጤት የሚሰጡ ሰንጠረዦች አሉ። የክሪፕቶ መገበያያ ድርጅቱ ኮይንቤዝ በ2023 ያስጀመረው ስታንድ ዊዝ ክሪፕቶ አንዱ ነው። ለመነሻ ይጠቅማል። ግን የድርጅት ጥቅምና ዋሌቱን ራሱ የያዘ ሰው ጥቅም ሁሌ አንድ አይደለም፤ ውጤቱን አይታችሁ ወደ መዝገቡ ሂዱ።

አሁን ደውሉ። የካፒቶል ማዞሪያ 202-224-3121 ወደ ቢሮው ያገናኛችኋል። ስም፣ ዚፕ ኮድ፣ የረቂቁ ቁጥር፣ አቋማችሁ፣ በቃ። ኮፒ ፔስት ኢሜይል ባትልኩ እመርጣለሁ፤ የራሳችሁ ሦስት መስመር ይበልጣል።

ኮንግረሱን ብቻ አትጠብቁ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ደንብ ያወጣሉ። ዲሴምበር 2020 ላይ ፊንሴን፣ የገንዘብ ወንጀልን የሚከታተለው የግምጃ ቤት መሥሪያ ቤት፣ አንድ ደንብ አቀረበ። ኤክስቼንጆች (የክሪፕቶ መገበያያዎች) ደንበኛው ወደ ግል ዋሌት ከ3,000 ዶላር በላይ ሲልክ የተቀባዩን ስምና አድራሻ እንዲመዘግቡ የሚያስገድድ ነበር። ለአስተያየት የተሰጠው 15 ቀን ብቻ፣ ያውም በበዓል ሰሞን። ከ7,000 በላይ አስተያየት ጎረፈ፤ ጊዜውም ተራዘመ፣ ደንቡም ሳይጸድቅ ቀረ። ስትጽፉ ደንቡ እናንተን በምን እንደሚጎዳ በዝርዝር አስቀምጡ።

ድምፁ ከተሰጠ በኋላም ጻፉ። ቃሉን ከጠበቀ አመስግኑት። ካጠፈ ደግሞ ሕዝባዊ ስብሰባ ሲጠራ ቀኑንና የድምፅ ቁጥሩን ይዛችሁ ተነሱና ለምን ብላችሁ ጠይቁት።