ቺትሊንስ ሲሠራ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

እዚህ አሜሪካ፣ ጆርጂያ ውስጥ በሶል ፉድ (የደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ጥቁሮች ባህላዊ ምግብ) ወጥ ቤት የምትሠሩ ሀበሾች አላችሁ። አብዛኞቻችሁ አሳማ በአፋችሁ አይዞርም። ኖቬምበር ሲገባ ግን የቺትሊንሱ ባልዲ ይመጣል፤ እጠብ የሚባለውም አዲስ የገባው ልጅ ነው።

ቺትሊንስ የአሳማ አንጀት ነው። በባርነት ዘመን ጌቶቹ ጥሩ ጥሩውን ሥጋ ይወስዱና እግሩን፣ አንገቱንና አንጀቱን ለባሪያዎቹ ይተዉ ነበር። አሳማ የሚታረደው በብርድ ወቅት ስለነበር፣ ምግቡ እስከ ዛሬ የታንክስጊቪንግ (የኖቬምበሩ የምስጋና በዓል)፣ የገናና የአዲስ ዓመት ነው። ጥድፊያው ከዚያ ይጀምራል፤ ስህተቱም እንደዚያው።

የመጀመሪያው ስህተት ባልዲው ላይ «የጸዳ» የሚለውን አምኖ በቀጥታ ድስት ውስጥ መክተት ነው። ይሄን የሚያደርግ ሰው እናቱ ለዱለት ጨጓራ ስታጥብ አላየም ማለት ነው። ፋብሪካው የሚያወጣው ዋናውን ፈርስ ነው። ስቡና ስሱ ሽፋን፣ አልፎ አልፎም የፈርስ ርዝራዥ አብሮ ይመጣል። እያንዳንዱ አንጀት ይዘረጋል፣ ሽፋኑ በጣት ይላጣል፣ ውሃው እስኪጠራ ይታጠባል። ሰዓታት ይፈጃል። የተለመደው ባልዲ 10 ፓውንድ፣ አራት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ስቡ ወጥቶ ሲበስል ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል፤ በባልዲው ልክ እንግዳ አትጥሩ። እዚህ የአሜሪካ ደቡብ ሰዎች ቺትሊንስ ሲቀርብላቸው «ማን ነው ያጠበው?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ ካላማራቸው አይነኩትም። እውነታቸውን ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። እጅ!

አጣቢው ጥሬ አንጀት በያዘበት ጓንት ስልኩን ያነሳል። ፍሪጁን ይከፍታል። የሰላጣውን ሳህን ያቀብላል። ስትቆጡት «እኔ እንኳን አልበላው» ይላል። ማን ስለ መብላት አወራ? ጥሬው አንጀት ላይ የርሲኒያ የሚባል ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። በደንብ ከበሰለ ይሞታል፤ ጣጣው ሳይበስል በፊት ነው። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 1988 እስከ ጃንዋሪ 1989 አትላንታና አካባቢዋ ውስጥ 15 ሰዎች በዚሁ ባክቴሪያ ታመው ነበር። ግማሽ ያህሉ ከ3 ወር ያልበለጡ ጨቅላዎች ነበሩ። የሦስት ወር ልጅ ቺትሊንስ አይበላም! መርማሪዎቹ የደረሱበት፣ ቤት ውስጥ አንጀቱን በሚያዘጋጁት ሰዎች እጅ ሳይተላለፍ አልቀረም የሚል ነው።

ስለዚህ አንጀት የሚያጥብ ሰው ሕፃን አያቅፍም፣ ጡጦም አያዘጋጅም። እጁን በሳሙና ደህና አድርጎ ይታጠባል፣ ልብሱን ይቀይራል፣ ከዚያ በኋላ ልጁን ይሳም። ከሥራ ወደ ቤት ስትሄዱም ያው ነው። ሕመሙ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 7 ቀን ቆይቶ ስለሚመጣ ከባልዲው ጋር የሚያገናኘው ሰው የለም። ሕፃን ካተኮሰውና ተቅማጡ ደም ከቀላቀለ ቶሎ ሐኪም ጋ ውሰዱት፤ ቤት ውስጥ ቺትሊንስ እንደታጠበም ተናገሩ። ከፍ ባሉት ልጆች ላይ በቀኝ በኩል ሆድ ስለሚያም ትርፍ አንጀት ይመስላል።

«ፍሪጅ ውስጥ ነው ያለው» የሚል ማጽናኛም እሰማለሁ። ይሄ ባክቴሪያ ብርድ ውስጥም ይራባል። በረዶ ሆኖ የመጣውን አንጀት ፍሪጅ ውስጥ፣ ከታችኛው መደርደሪያ ላይ ትሪ አድርጋችሁ አቅልጡት፤ ከቀለጠ በኋላ ግን አታቆዩት። ከማጽዳታችሁ በፊት ደግሞ 5 ደቂቃ አፍሉት። አንዳንድ አሮጊቶች ጣዕሙን ያጠፋል ይላሉ። እኔ በልቼ ልዩነቱን አላገኘሁትም።

በረኪና ለሲንኩ፣ ለመክተፊያውና ለጠረጴዛው ነው። አንድ ገና የመጣ ልጅ ሽታውን ልግደል ብሎ አንጀቱ ላይ ሲደፋው ደርሼበታለሁ። እንዲህ ዓይነት ትጉ ልጅ ስለሆነ መቆጣት አቃተኝ። ባልዲው በሙሉ ተጣለ።

ጨው መጀመሪያ ላይ አትጨምሩ። ውሃው ሲመጥ ጨው ይበዛባችኋል።

ውሃም አታብዙ፤ አንጀቱ ራሱ ውሃ ይተፋል። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ አቼቶና የተፈጨ ቃሪያ ጨምራችሁ በቀስታ ይንተክተክ። ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ሹካ ያለ ትግል ካልገባ አልበሰለም። ሽታውን ለመቀነስ ድንች ድስቱ ውስጥ የሚጥሉ አሉ፤ ከፈለጉ ይጨምሩ። በደንብ ያልታጠበን አንጀት ድንች አያድነውም።

የሚጠበስ ከሆነ ቅድሚያ ይቀቀላል። ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ሳሊ የምትባል ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ የቺትሊንስ ፌስቲቫል አላት፤ ጥብሱን እዚያ ቀምሶ የመጣ ሰው ጥሬውን ዱቄት አንከባሎ ዘይት ውስጥ ይጥላል። ውጪው ያርራል፣ ውስጡ ጎማ ይሆናል። ቀቅሉት፣ አንጠፍጥፉት፣ አድርቁት፣ ከዚያ ጥበሱ። እርጥብ ሆኖ ከገባ ዘይቱ ይፈነጥቃል፤ ክዳን አጠገባችሁ ይሁን።