ከእንክብሉ በፊት ጫማው

ባሕር ዳር ያላችሁ፣ ወላጆቻችሁ «መርሳት አበዛሁ» ካሏችሁ ጊንኮ የሚባለውን የቅጠል እንክብል ለመግዛት አትቸኩሉ። በ2008 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ይፋ የሆነና ከ3,000 በላይ አረጋውያንን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት፣ ጊንኮ የመርሳት በሽታን እንደማይከላከል አሳይቷል። ደም እንዳይረጋ የሚሰጡትን ዋርፋሪን ወይም አስፕሪን ለሚወስድ ሰው ደግሞ የመድማት አደጋን ሊጨምር ይችላል። (ቡና ላይ ጣል የሚደረገውን ጤና አዳም ግን አልነካባችሁም፤ እሱ ለጣዕም ነው።)

ገንዘቡን ለምቹ ጫማ አውሉት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአረጋውያን በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በቀን ግማሽ ሰዓት፣ አምስት ቀን ማለት ነው። እኔና እናቴ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በጣና ዳር እንወጣለን። መለኪያችን ቀላል ነው፦ እየተራመደች ማውራት ከቻለች፣ መዝፈን ግን ካቃታት ፍጥነቱ ልክ ነው። ስንመለስ የዋርካውን ግንድ በአንድ እጇ ይዛ በአንድ እግሯ ትቆማለች፤ ታንኳው እስኪያልፍ እያለች ራሷን ታበረታታለች። ሚዛን መጠበቅ መውደቅን ይቀንሳልና ይህን በሳምንት ሦስቴ አታስቀሩት።

እንክብሉን አስቀድመው ጀምረው ከሆነ፣ ለሐኪም ቀጠሮ ስትሄዱ ብልቃጡን ይዛችሁ ሂዱ።