ሳንቲሙን አይወልውሉት፦ የድሮ ብርን ዋጋ የሚያሳጡ ስህተቶች

ባቲ ሰኞ ገበያም ሆነ ደሴ ፒያሳ፣ ጠገራ ብር ይዞ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ዕድሜው ነው። በዕድሜው የሚሸጥ ይመስለዋል። በጠገራው ላይ ያለው 1780 ምስሏ የተቀረጸባት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ትሬዛ በፈረንጅ አቆጣጠር ያረፈችበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይና በሌሎችም ከተሞች ያንኑ ዓመት እንደያዘ በመቶ ሚሊዮኖች ተመትቷል። ስለዚህ ዓመቱን ተዉትና ገጹን እዩት። የድሮ ሳንቲም ሰብሳቢ የሚከፍለው ለገጹ ነው። እኛ ደግሞ በገዛ እጃችን የምናበላሸው እሱኑ ነው።

ማጽዳት

ስለዚህ ነገር ሳወራ የሚሰለቹ ወዳጆች አሉኝ። እኔ ግን አልተውም፤ ስህተቱም ቀርቶ አያውቅምና።

ከሐይቅ በኩል የመጡ አንዲት እናት ከአያታቸው የወረሷቸውን ሦስት የምኒልክ ብሮች በነጠላ ጫፍ ቋጥረው አመጡልኝ። ቋጠሮውን ፈተው ጠረጴዛው ላይ ሲደረድሯቸው እንደ አዲስ ድስት አብረቀረቁ። ሆዴ ቡጭ አለ። «ልጄ ሌሊቱን ሲወለውላቸው አደረ። በአመድና በሎሚ፣ ኋላም በጥርስ ሳሙና» አሉኝ ደስ ብሏቸው። ማጉያ መነጽሬን አንስቼ አየሁ። የንጉሡ ጉንጭ ከዳር እስከ ዳር በቀጫጭን ጭረት ተሞልቷል። በአንደኛው ላይ ብቻ፣ ጨርቁ ባልደረሰበት በአንበሳው ጋማ ስር፣ የጥንቱ ግራጫ ቀለም ቀርቷል። እዚያች ቦታ ላይ ከግራጫው ስር ፓሪስ ሲመታ ያገኘው ነጸብራቅ አሁንም አለ። «እማማ፣ አብሽሩ፣ የብርነቱ ዋጋ አለልዎ» አልኳቸው። የሰብሳቢው ዋጋ ግን በዚያች ሌሊት አልቋል። ልጁ ክፉ አላሰበም፤ እናቱን ለመርዳት ነው። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ አስቀድሞ የነገረው ሰው የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳንቲም ሲመታ ብረቱ ከመሐል ወደ ዳር ይፈሳል። በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን መስመሮችም ይተዋል። ሳንቲሙን ከአንድ አምፖል ስር ይዘው ሲያዘነብሉት ብርሃኑ ክብ እየሠራ የሚዞረው በእነዚህ መስመሮች ነው። ውልወላ ይደመስሳቸዋል። ከዚያ በኋላ የሚያዩት ብልጭታ ባለበት ይቆማል፤ አይዞርም። ልምድ ያለው ገዢ ይህን ለመለየት ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።

ጥቁረቱ ደግሞ ቆሻሻ አይደለም። ብሩ በአየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ተዋህዶ የሠራው ስስ ሽፋን ነው። ሲፍቁት ብሩም አብሮ ይፋቃል። እኩል የጠቆረን ሳንቲም ከተወለወለው አብልጠው የሚገዙ ብዙ ናቸው።

ፒሲጂኤስ እና ኤንጂሲ የሚባሉት የአሜሪካ ድርጅቶች ለሳንቲም ከ1 እስከ 70 ደረጃ ይሰጣሉ። ክፉኛ የተወለወለ ሲደርሳቸው ግን ቁጥር አይሰጡትም፤ «የጸዳ» ብለው ጽፈው ይመልሱታል። ያ ጽሑፍ የተለጠፈበት ሳንቲም ያልተነካው የሚያወጣውን አያወጣም።

አፈር ከያዘው የተጣራ ውኃ ውስጥ ያቆዩት፤ ውኃውን ይለዋውጡለት፤ አይሹት። ቅባት ወይም የፕላስተር ሙጫ ካለው ንጹሕ አሴቶን ያነሳዋል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው አይሆንም፤ ሽቶና ዘይት ይጨመርበታል። አሴቶን እሳት ይስባል፤ ከሰል ባለበት ቤት አይክፈቱት።

ማንጠልጠያውን መንቀል

ይሄ የኛው የወሎ ጣጣ ነው። እናቶቻችን ጠገራን በአንገታቸው አስረው ኖረዋል። አንጥረኛው ከንግሥቲቱ አናት በላይ ማንጠልጠያ በይዶበታል። ሻጩ ታዲያ ገዢ ይወደዋል ብሎ ማንጠልጠያውን ያስነቅልና ቦታውን በሞረድ ያስተካክላል። ጠርዙን ዞር አድርገው ይዩት፦ ዙሪያውን የላቲን ጽሑፍ አለው። በተበየደበት በኩል ፊደሎቹ ተውጠዋል፤ ብየዳው ከሳንቲሙ ብር የተለየ ቀለም ይዞ ፈስሷል። ይህ ምልክት በምንም አይጠፋም።

ከነማንጠልጠያው ቢተውት ኖሮ ጌጥ ነበር። ጌጥ ፈላጊ አለው፤ ድሪውም ሙሉ ከሆነ በድሪነቱ ይሸጣል። ማንጠልጠያው ተነቅሎ የተሞረደ ግን ከሁለቱም ሳይሆን ይቀራል፤ ሚዛን ላይ ወጥቶ በብርነቱ ይገመታል። ጠገራ ወደ 28 ግራም ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ ንጹሕ ብሩ 23.4 ግራም ገደማ ነው። ስሌቱ እዚያ ላይ ያበቃል።

ቀዳዳ መድፈን

አያድርጉት። የተበሳ ሳንቲም ሐቀኛ ነው፤ የተደፈነ ግን ገዢውን ያስጠረጥረዋል። አንዱን ከጠረጠረ የቀሩትንም አይገዛዎትም።

ሁሉንም እንከን እንደ ጉዳት መቁጠር

ጀማሪዎች እዚህ ላይ ይደናገጣሉ፤ አልፈርድባቸውም። ሲመታ ቅርጹ በደንብ ያልወጣለት፣ ደካማ ምት የምንለው አለ፤ ማተሚያው፣ ማለትም ቅርጹን የሚያሳርፈው ብረት፣ ሲሰነጠቅ ሳንቲሙ ላይ የሚወጣ ቀጭን የብረት መስመር አለ። እነዚህ ሳንቲሙ ከተመታበት ቤት ይዟቸው የመጣቸው ናቸው፤ እንደ ጭረት አይቆጠሩም። መለያው ይህ ነው፦ የማተሚያው ስንጥቅ ከገጹ ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ጭረት ወደ ውስጥ ይገባል። ደካማ ምትና እልቀትንም ነጸብራቁ ይለያቸዋል። የአንበሳው ጋማ ደብዝዞ ነጸብራቁ ካለ ሲመታ ነው የደከመው። ደብዝዞም ፈዝዞም ከሆነ በእጅ ብዛት ያለቀ ነው።

ጭረቱ የት ላይ እንዳለ አለማየት

ሁለት እኩል ጭረቶች እኩል ዋጋ አይቀንሱም። በማርያ ትሬዛ ፀጉር ውስጥ የገባ ጭረት እዚያው ይደበቃል። ያው ጭረት ጉንጯ ላይ ወይም ከፊቷ ባለው ባዶ ሜዳ ላይ ቢሆን ገዢው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ከረጢት ውስጥ ሲጋጩ የሚመጡ ትናንሽ ምቶች ግን ከአዲስ ሳንቲም ላይም አይጠፉም። እነሱን እያዩ ተስፋ አይቁረጡ።

ብር መቀባት

የ1936 ዓ.ም. ክቡ 25 ሳንቲም መዳብ ነው፤ መጠኑ ከብር ከተሠራው 50 ሳንቲም ጋር ስለተቀራረበ፣ ብር ተቀብቶ እንደ 50 እንዳያልፍ ነው በኋላ ጠርዙ እንደ አበባ የተደረገው። ብር የተቀባ ክብ 25 እስካሁን ያጋጥመኛል። ቅቡ ዋጋ አይጨምርለትም፤ እንደ ጉዳት ይቆጠርበታል።

አቀማመጥ

ለስላሳና የሚሸት ፕላስቲክ ውስጥ አያስቀምጡ፤ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ሙጫ አውጥቶ ብሩን ይበላዋል። በጎማ ላስቲክ ጠምጥመው አያስቀምጡ፤ ጎማ ድኝ አለበት። በካርቶን ይዘው ስቴፕለር የሚመቱ ሰዎች ደግሞ ሽቦውን ሲያወጡ ገጹን ይቧጭሩታል። ሲይዙም ጠርዙን ብቻ፣ በሁለት ጣት።

በፎቶ ብቻ መግዛት

ፍላሽ ጭረት ይደብቃል። ሻጩ ከአንድ አምፖል ስር እያዘነበለ ቪዲዮ ይላክልዎት፤ እምቢ ካለ ይተዉት።

የአክሱም ሳንቲም ማሸት

ከእርሻ ወይም ከቁፋሮ የወጣ ትንሽ አረንጓዴ ሳንቲም ካጋጠመዎት በልብስዎ እንኳ አይጥረጉት። በአንዳንድ የአክሱም ሳንቲሞች ላይ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ ላይ ስስ ወርቅ ተለብጧል፤ ያ ወርቅ አንዴ ሲታሽ ይነሳል። እሱ ከተነሳ የሚመልሰው አንጥረኛ የለም። ደግሞም ይህ ለገበያ የሚወጣ ዕቃ አይደለም። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ሪፖርት ይደረጋል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። ከነአፈሩ በወረቀት ጠቅልለው፣ የተገኘበትን ቦታ ጽፈው፣ ለወረዳዎ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይውሰዱት።