ለቪትዝና ለዲኤክስ የስርቆት መከላከያ፦ ምን ይገዛ፣ ምን ይገጠም?

ብዙ ባለመኪና መጀመሪያ የሚገዛው አላርም ነው። በእኛ ቅደም ተከተል ግን አላርም መጨረሻ ላይ ይመጣል። ድመት ስትዘልም፣ ገልባጭ ሲያልፍም የሚጮህ መኪና ሰፈሩን ያለማምደዋል፤ በሁለተኛው ሳምንት ማንም ከአልጋው አይነሳም። እንደ ቶዮታ ቪትዝና ኮሮላ ዲኤክስ ያለ አሮጌ ትንሽ መኪና የሚሰረቀው በሁለት ድክመቱ ነው፦ ያረጀ የቁልፍ ቤት፣ እና ቁልፉን ለይቶ የሚያውቅ ኢሞቢላይዘር አለመኖሩ።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ያለውን ይፈትሹ። ሞተሩ እየሠራ ቁልፉ ተስቦ ከወጣ፣ ወይም ቁልፉ ወጥቶ መሪው ሲዞር ቀጭ ብሎ ካልቆለፈ የቁልፍ ቤቱ አልቋል፤ በተመሳሳይ ቁልፍ ወይም በጠፍጣፋ ካቻቢቴም ሊዞር ይችላል። መጀመሪያ እሱን ያስቀይሩ። ኢሞቢላይዘር መኖሩን ለማወቅ ደግሞ ቺፕ የሌለው ተራ ብረት ቁልፍ ያስቀርጹ። መኪናው በእሱ ተነስቶ ከቆየ ኢሞቢላይዘር የለውም ማለት ነው። ዲኤክስ ላይ ፈጽሞ የለም።

ቀጥሎ የሚገዛው ከውጭ የሚታይ ብረት ነው። የመሪ መቆለፊያ ሲመርጡ ክብደቱን ብቻ አይዩ። ሌባው ብረቱን ትቶ የመሪውን ቀለበት በመጋዝ ይቆርጠዋል፤ ቀለበቱ ውስጡ ቀጭን ብረት፣ ላዩ ፕላስቲክ ስለሆነ ብዙ አይፈጅበትም። መሪውን ከፍሬን ወይም ከፍሪሲዮን ፔዳል ጋር የሚያያዘው ዓይነት የተሻለ ነው፤ መሪውን ብቻ ሳይሆን ፔዳሉንም ይይዛል። ተራውን አግድም ብረት ከመረጡ ጫፉ ረዝሞ መሪው ሲዞር በሩን ወይም ዳሽቦርዱን መምታት አለበት። የቁልፉን ራስ ወደ ፊት መስታወቱ አዙረው ይግጠሙት፣ መሰርሰሪያ ለማስገባት እንዳይመች። ጥርሱ በአንድ ጎን ብቻ የተቆረጠ ጠፍጣፋ ቁልፍ ያለውን ይተዉት።

ከሁሉም በላይ የምንመክረው ግን ድብቅ ስዊች ነው፤ እሱ ካልበራ ሞተሩ አይሠራም። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ሥራው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ቪትዝ ላይ የሚቋረጠው የቤንዚን ፓምፑ መስመር ነው። የፓምፑ ሶኬት የሚገኘው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። የቶዮታ ፓምፕ ቁልፉ ኦን ላይ ስለሆነ ብቻ አይሠራም፤ ስለዚህ ሽቦውን ለመለየት ሰው ሞተሪኖውን እያስነሳልዎት በመልቲሜትር 12 ቮልት ይፈልጉ። ፓምፑ ብዙ አምፔር ስለሚስብ ትንሽዬን ስዊች በቀጥታ መስመሩ ላይ አያስገቡ፤ ውስጡ ይቃጠልና መኪናው ቀለበት መንገድ መሃል ይጠፋል። የ30 ወይም የ40 አምፔር ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን መስመር የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ማብሪያ) ይግዙ። የተቆረጠውን የፓምፕ ሽቦ ሁለት ጫፍ በሪሌው እግሮች ላይ 30 እና 87 ተብለው በተጻፉት ላይ በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ያገናኙ። 85ን ከቦዲ ጋር ያያይዙ። ወደ 86 የሚመጣው መስመር ቁልፉ ኦን ሲሆን ብቻ ኤሌክትሪክ ካለው ሽቦ ተነስቶ፣ በ3 አምፔር ፊውዝ እና በድብቁ ስዊች በኩል ያልፋል። እዚህ 0.75 ሽቦ ይበቃል። በዚህ አሠራር መኪናው ሲቆም ሪሌው ባትሪ አይበላም።

መገጣጠሚያውን በሊድ አስበይደው በሙቀት በሚሸበሸብ ቱቦ ያስሸፍኑ። ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ ብቻ መጠቅለል የብዙ ብልሽት ምንጭ ነው፦ ሙጫው በሙቀት ይለቃል፣ መኪናው ኮረኮንች ላይ ሲንቀጠቀጥ ሽቦው ይላላል። ኤርባግ ያለው ከሆነ ቢጫ የተጠቀለሉትን ሽቦዎች በፍጹም አይንኩ።

ስዊቹን ከመሪው ሥር አያስቀምጡ፤ ሌባ መጀመሪያ እጁን የሚሰድደው እዚያ ነው። መኪናው ላይ ያለ ነገር ግን የማይሠራ ማብሪያ ካለ እሱን ይጠቀሙ። ለመኪና አጣቢም ሆነ ለጠባቂ አይንገሩ።

የሞተሪኖውን መስመር ብቻ የሚያቋርጡ ኤሌክትሪሺያኖች አሉ። አውቶማቲክ ላይ ይሠራል። ማንዋል መኪና ግን ቁልቁለት ላይ ተገፍቶ በ2ኛ ማርሽ ይነሳል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ቁልቁለት አይጠፋም። በፓምፕ መቋረጥ ጊዜም ቱቦው ውስጥ በቀረው ቤንዚን ሞተሩ ለጥቂት ሰከንድ ሊሠራ ስለሚችል መኪናዎን ከቆመበት ጥቂት ሜትር ርቆ ቢያገኙት አይደንግጡ።

የድሮው ዲኤክስ ላይ ፓምፑ በሞተሩ የሚነዳ ሜካኒካል ስለሆነ ከላይ ያልነው አይሠራም። እዚያ የሚቋረጠው ወደ ኮይሉ (ለካንዴላ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ክፍል) ፕላስ የሚገባው ሽቦ ነው። ሁለት ሽቦ ካለው (አንዱ ሞተሪኖ ሲዞር ብቻ የሚሠራ ነው) ሁለቱም ከተገናኙ በኋላ ይቁረጡ፣ አለዚያ ሞተሩ ይነሳል። ሆኖም ከባትሪው በቀጥታ አንድ ሽቦ ወደ ኮይሉ የሳበ ሰው ይህን ሁሉ ያልፈዋል። ስለዚህ ዲኤክስ ላይ የሞተሩን ኮፈን ማስቆለፍ ግዴታ ነው፤ ባትሪውንም ያድናል።

ጂፒኤስ መኪናውን ከመሰረቅ አያድንም፣ ከተሰረቀ በኋላ ለመፈለግ እንጂ። ሲም ካርዱ ሂሳብ አልቆበት የተዘጋ ጂፒኤስ ደግሞ የለም ብለው ይቁጠሩት፤ በየወሩ ራስዎ ይሞክሩት። ቆርቆሮ ሥር ወይም ምድር ቤት ሲገባ ቦታውን ያጣል። ከተገጠመ በኋላ ሁሉንም በር ዘግተው 20 ደቂቃ ጠብቀው በባትሪው ኔጋቲቭ በኩል የሚሄደውን ይለኩ፦ ከ50 ሚሊ አምፔር በታች መሆን አለበት። 50 እንኳ ቢሆን በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ነው፤ የ40 አምፔር ሰዓቱን ባትሪ በ17 ቀን ገደማ ግማሽ ያደርሰዋል። በስልክ ሞተር የማጥፋት አገልግሎት ካለው መኪናው እየሄደ በጭራሽ አይጠቀሙበት። የመሪው እገዛ ይቋረጣል፣ ፍሬኑም ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ይደነድናል፤ የሚገጨው ሌባው ብቻ አይደለም።

አላርም ካስገጠሙ ኮዱ በየጊዜው የሚቀያየር ሪሞት ያለውን ይጠይቁ፣ ኮዱ የማይለወጠው ተቀድቶ ይከፈታል። ሪሞቱን ተጭነው ሲሄዱ በሩን በእጅ ይሞክሩት፤ ሲግናል ታፍኖ ሳይቆለፍ ሊቀር ይችላል።

መኪናው ባይሄድም ዕቃው ይሄዳል። ስፖኪዮ መስታወቱ ላይ፣ የፊት መብራትና ፍሬቻ ላይ የታርጋ ቁጥሩን ያስቀርጹ፤ በቀለም መጻፍ ይፋቃል። ለጎማ በእያንዳንዱ ላይ አንድ፣ በድምሩ 4 መቆለፊያ ዳዶ ይበቃል። ለቪትዝም ለዲኤክስም ጥርሱ 12 በ1.5 ነው፣ ነገር ግን ቸርኬው ከተቀየረ የዳዶው አቀማመጥ ስለሚለይ ከቸርኬው ጋር ወስደው ያስተያዩ። ጎሚስታው በኤር መፍቻ እንዳይፈታው ይንገሩት፣ የዳዶው መፍቻ ይሰበራል። መፍቻውን ከስኮርታው ጋር አያስቀምጡ፤ አንዱን ቤት፣ አንዱን ከመኪናው ቁልፍ ጋር።

ሶስተኛ ወገን መድን የራስዎን መኪና ስርቆት አይከፍልም። ሙሉ ዋስትና ሲገዙ የትኛው መከላከያ የአረቦን ቅናሽ እንደሚያስገኝ ጠይቀው በውሉ ላይ ያስጽፉት፤ የሻሲና የሞተር ቁጥሩን፣ የሊብሬውንም ኮፒ ከመኪናው ውጭ ያኑሩ።